የተዋስኩት ልደት

በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወለድኩት?

ይህን ጥያቄ ቀበሌ ጠይቆኛል። ባንክ ጠይቆኛል። የጤና ጣቢያዋ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ፊቴን ቀና ብላ ሳታይ፣ በሄድኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። ሁሉም መልሳቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። እስከ ዛሬ መልስ ሳላገኝ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ በሕይወት ሳለች «የሶማሌ ጦርነት ጊዜ ስንሸሽ አዝዬሽ ነበር» ትለኝ ነበር። አክስቴ ደግሞ ከወዲያ ሆና «ምኑን አዘልሽ? ሆድሽ ውስጥ ነበረች እንጂ። እኔ አይደለሁም እንዴ ጓዝሽን የተሸከምኩልሽ?» ትላታለች። ክርክሩ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማን ምን እንደተሸከመ፣ የቱ ድስት የት መንገድ ላይ እንደተጣለ ሁሉ ይዘረዘራል፤ የእኔ ልደት ግን በመካከሉ ይረሳል። በመጨረሻም ነገሩ ሳይቋጭ እናቴ አረፈች። ስለዚህ ወይ 1969 ነኝ ወይ 1970። በጀርባና በሆድ መካከል ያለውን ያህል አላውቅም።

ወረቀቴ ግን ያውቃል። ወረቀቴ ላይ፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ይላል፤ ማኅተም አለው።

ምን ዓይነት ሴት መሆኔን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ድካሜ አይገባችሁም። ነገሌ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ማለት መዝጋቢም፣ ጠራጊም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ አስቀማጭም ማለት ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ባዮሎጂ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ካየሁ ምሳ አይበላልኝም። ተማሪ ስሙን ከነአያቱ ካልጻፈ መጽሐፍ አላውስም። ጋዜጣ ሳነብ እንኳ የፊደል ግድፈቱን በእርሳስ እያረምኩ ነው፤ ጋዜጣው ለማንም ተመልሶ እንደማይሄድ እያወቅኩ። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው የልደት ቀን ስትኖር የቆየችው።

የሆነው እንዲህ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለሁ እናቴ ነገሌ ወደምትኖረው አክስቴ ላከችኝ። አክስቴ የወንጌል አማኝ፣ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ፣ በመዘምራንም ፊት መስመር የምትቆም ሴት ናት። ውሸት አትወድም። እንግዳ መጥቶ «ጤና ነሽ?» ካላት፣ ወገቧን ካመማት «አይደለሁም» ብላ ምክንያቱን ታስረዳዋለች። እሷ ቤት ውኃ እቀዳለሁ፣ እህል አበጥራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ አነባለሁ። ማንበብ ያስተማረኝ የለም፤ ከመዝሙር መጽሐፏ እያስተያየሁ ነው የለመድኩት። ጋዜጣው የተለጠፈው ተዘቅዝቆ ስለነበረ እስከ ዛሬ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከቀናው እኩል አነባለሁ። ይህ በፈተና ጊዜ ተማሪ ለመቆጣጠር ጠቅሞኛል።

መንግሥት በተቀየረበት ክረምት ወደራ የሚኖረው አጎቴ ለአንድ ሰው ሊድረኝ ቃል መስጠቱ ተሰማ። ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ለመስቀል ሽማግሌ ይልካል። አክስቴ ሦስት ቀን ጾመች። በአራተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፋች፣ እጄን ያዘች፣ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። ሐሳቧ አጭር ነበር፤ ቤት የተቀመጠች ልጅ ለትዳር ደርሳለች፣ አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ ግን አልደረሰችም።

መዝገቡ ዘንድ ረጅም ሰልፍ ነበር። መዝጋቢው ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ አይቀበልም። ትልልቆቹ በማታ ይማሩ እንዳይባል፣ የማታው አስተማሪዎች ሠራዊቱ ሲበተን አብረው ተበትነዋል። ከፊታችን አንዲት የወታደር ሚስት ትንሽ ልጇን ይዛ ቆማለች። ባሏ ከግንባር እንደቀረ የወታደር ካምፑ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ልደት?» አላት መዝጋቢው።

«ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሰባ ሰባት» አለች ሴትዮዋ። ቀኑ አፏ ላይ ነበር።

ጻፈ። ልጅቷ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ የወዲያኛውን ጆሮዋን እንድትነካ አዘዛት፤ ያን ጊዜ ለትምህርት መድረስ የሚለካው በዚህ ነበር። ልጅቷ ተንጠራርታ በጣቷ ጫፍ ነካች። አለፈች።

«የእናንተስ?»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ሁልጊዜ ስትጸልይ እንደዚያ ነው የምታደርገው። «የኛም ኅዳር 12፣ ሰባ ሰባት» አለች።

መዝጋቢው ቀና አለ። እኔን አየ። ጎኔ የቆመችውን ልጅ አየ። አናቷ የደረሰው ክርኔ ጋ ነው።

«ሁለቱም በአንድ ቀን?»

«በአንድ ቀን ስንት ሰው ይወለዳል፣ ጌታው።»

«ይቺኛዋ ረዘመችሳ።»

«በአባቷ ወጥታ ነው።»

«አባቷ ረጅም ነው?»

«ነበር» አለች አክስቴ። ይኸኛው እንኳ እውነት ነው።

እጄን አሳለፍኩ። ጆሮዬን አልፎ አገጬ ሥር ደረሰ። «ሰብሰብ አድርጊው» አለችኝ አክስቴ በሹክሹክታ። ሰበሰብኩት። መዝጋቢው ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ጻፈ። እኔም በመዝገቡ ላይ፣ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ስንወጣ ያቺ ትንሽ ልጅ አንዱን ጣቴን ያዘች። «አንቺም ኅዳር ሚካኤል ነሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «እንግዲያው መንታዬ ነሽ» አለች፤ በዚያው ጸናች። መሠረት ትባላለች።

የወደራ ሽማግሌዎች ለመስቀል መጡ። አክስቴ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ በእንስራ ውኃ ተሸክሜ የምገባውን እኔን አየ።

«ሰባት ዓመቷ ነው?»

«መንግሥት ነው የጻፈው» አለች አክስቴ።

«የቱ መንግሥት?»

«አዲሱ።»

ከአዲሱ መንግሥት ጋር መጣላት ገና መሰላቸውና ሄዱ። አክስቴ ያን ዕለት ያለቀሰችው ሽማግሌዎቹ ስለሄዱ ይሁን ስለዋሸች አልነገረችኝም። እኔ ግን ያ ወረቀት ያወጣኝን ነገር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ልጠላው አልችልም። ችግሩ መመለሻ ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ከእኔ ቤተ መጻሕፍት የወጣ መጽሐፍ በአሥራ አምስት ቀን ይመለሳል። የተዋስኩትን ልደት ግን ለማን፣ በየትኛው መስኮት ልመልስ?

መሠረት ዛሬ እዚያው እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ጓደኛ የለኝም። ይህን ለማሳዘን አይደለም የምናገረው። ብዙ አላወራም፤ ሰውም ብዙ የማያወራ ሰው ዘንድ ደጋግሞ አይመጣም። መሠረት ግን በየረፍቱ ትመጣለች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ትቀመጣለች፣ ለሁለታችንም ታወራለች። በየዓመቱ ኅዳር 12 ከቅዳሴ መልስ ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣና «እንኳን ተወለድን» ትለኛለች። እኔም «እንኳን» እላለሁ። «ተወለድን» የሚለውን ብዬው አላውቅም። ይህን የማስተዋል ልብ ያላት እሷ አይደለችም፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ።

ሰውነቴ ደግሞ ወረቀት አያነብም። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ ማለትም በወረቀቱ ሠላሳ ሦስት፣ መነጽር አደረግኩ። መሠረት «መጽሐፍ ነው ዓይንሽን የበላው» አለች። ቀጥሎ ጉልበቴ መጣ። «ሲሚንቶው ወለል ነው» አለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ሴት ልጅ በጊዜዋ የሚመጣባት ያ ሙቀት ጀመረኝ። መስኮት ከፍቼ በመዝገብ ሳራግብ አገኘችኝና «ነገሌ እኮ ዘንድሮ ባሰባት» ብላ አብራኝ አራገበች፤ እሷ ሹራብ ለብሳለች። አንዳንዴ ሳስበው የገዛ ሰውነቴ ሊያጋልጠኝ ሰባት ዓመት ቀድሞ ይሮጣል፤ መሠረት ደግሞ ከኋላ እየተከተለች ምክንያት ትሰጥልኛለች።

እንዲህ እየተጎተትን እስከ 2017 ጥቅምት ደረስን፤ በጥቅምት ሥልጠናው መጣ።

ሥልጠናው «በትውልዶች መካከል መግባባት» የሚል ነበር። ያመጣው አንድ ድርጅት ነው፤ የተካሄደው በእኔ ቤተ መጻሕፍት፣ ወንበር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቆመ፣ ትሑት ልጅ ነው። መብራት ስለጠፋ ላፕቶፑን ዘግቶ አራት ወረቀት አራት ጠረጴዛ ላይ አቆመ፤ ቤቢ ቡመር፣ ኤክስ፣ ሚሊኒየል፣ ጄን ዚ። ከዚያ ከስልኩ ላይ የልደት ዓመታቱን እያነበበ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ኤክስ ከ1965 እስከ 1980፣ ሚሊኒየል ከ1981 እስከ 1996፣ ሌሎቹንም እንዲሁ።

«ሁላችሁም በልደት ዓመታችሁ ጠረጴዛችሁን ፈልጉ» አለን።

«ሚሊኒየሙማ የገባው በ2000 አይደል?» አለ አንድ የፊዚክስ መምህር። «እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። እንዴት ነው የሚሊኒየም ልጅ የምሆነው?»

አሰልጣኙ ይህ ስያሜ ከዚያ በዓል ጋር እንደማይገናኝ አስረዳ። የፊዚክስ መምህሩ በዓሉ ላይ የለበሰውን ቲሸርት አስታወሰን። አሥር ደቂቃ በዚህ ሄደ።

መሠረት ክንዴን ይዛ «ሰባ ሰባት፣ ነይ ወዲህ» እያለች ኤክስ የሚለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ። አሰልጣኙ የየትውልዱን ጠባይ ማንበብ ጀመረ። ኤክሶች ብቻቸውን መሥራት ይወዳሉ፣ ቶሎ አያምኑም፣ ብዙ አይናገሩም አለ። አንገቴን ደፋሁ። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ጀምሮ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ሲነበብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሚሊኒየሎች ደግሞ ቴክኖሎጂ ይዘው አደጉ፣ ማበረታቻ ይፈልጋሉ አለ። እኛ ያደግንበት ቴክኖሎጂ ባትሪው እንዲሞቅ ጣሪያ ላይ የሚሰጣ ሬዲዮ ነው፤ ማበረታቻው ደግሞ አለንጋ። ይሁን።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሰሌዳው ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ሰዉ የተቀመጠው በእኛ ዓመት ነው። ቤቱ በሙሉ በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል።

እዚህ ላይ ነገሩን በደንብ ተመልከቱልኝ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም አይገጥመኝም። ወረቀቴ ሐሰት ነው። ሐሰቱ ወረቀት በተሳሳተ ዘመን አቆጣጠር ተነቦ ኤክስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦኛል። እውነተኛው ልደቴ በትክክለኛው ዘመን አቆጣጠር ቢሰላም የሚያስቀምጠኝ እዚያው ኤክስ ላይ ነው። ሁለት ስሕተት ተረዳድተው ቦታዬን አግኝተውልኛል። ዝም ብል ኖሮ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀን እንኳ፣ ያለሁበት ቦታ ልክ ይሆን ነበር።

እጄን አነሳሁ።

«ይቅርታ» አልኩ፤ ድምፄን ለመስማት ሰው ሁሉ ዞረ። «ዓመቱ የፈረንጆች ነው። በእኛ ሰባት ወይም ስምንት መጨመር አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከጥር ወዲህ ስምንት፤ ታኅሣሥ ላይ ግን ቀኑም ይታያል።»

አሰልጣኙ ሰሌዳውን አየ። ስልኩን አየ። «ትክክል ናቸው» አለ፤ ፊቱ ደም መሰለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፍልሰት ነው። እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሠላሳ ሰው ሰልፍ ያዘልኝ፤ የእያንዳንዱን ልደት አሰላሁ። ጎልማሶች መስለው ከሚሊኒየል ጋር የተቀመጡት ወጣቶች ጄን ዚ ሆነው እየተጨበጨበላቸው ተነሱ። ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀሯቸው ዳይሬክተራችን ከቤቢ ቡመር ወደ ኤክስ ሲዛወሩ «እኔስ ድሮም ይሰማኝ ነበር» አሉ፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ አልለበሱትም።

«እኛስ፣ መንታዬ?» አለችኝ መሠረት።

«ሚሊኒየል» አልኩ። ዕቃዬን ሰብስቤ፣ በገዛ እርሳሴ፣ ከቦታዬ ተነሳሁ።

በዚህ መሐል የፊርማው ወረቀት አንድ ሰው ጎደለው። ሠላሳ አንድ መሆን አለበት ተብሎ የበሩ ጥበቃ አባ ጉዮ ተጠሩ። አባ ጉዮ ቦረና ናቸው፤ ዱላቸውን ይዘው ገብተው «አካም፣ ናጋ?» እያሉ ሁላችንንም በየተራ ሰላም አሉን፤ ይህም ራሱን የቻለ ጊዜ ፈጀ።

«አባቴ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» አላቸው አሰልጣኙ።

«ለምን ፈለግከው?»

«ትውልድዎን ለማወቅ።»

አባ ጉዮ አዘኑለት። «ትውልድና ዓመት ምን አገናኘው፣ ልጄ? ትውልድ በአባት ነው። እኛ ሉባ እንለዋለን። የእኔ ሉባ የሚታወቀው ከአባቴ ሉባ ተቆጥሮ ነው። የአባቴ ልጆች ሁሉ ከእኔ ጋር ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ተልተሌ አለ። እሱና እኔ አንድ ትውልድ ነን።»

«የሦስት ዓመት ልጅ?»

«ገና አፉን አልፈታም» አሉ አባ ጉዮ በአክብሮት። «አብሮ አደጌ ደግሞ አለ፤ አብረን ከብት ጠብቀናል፤ ጥርሳችን አብሮ ነው የረገፈ። እሱ ግን በአባቱ ከእኔ በታች ነው። የእድሜውን ከሆነ የፈለግከው፣ ለእሱም ሌላ መቁጠሪያ አለን። የቱን ነው የጠየቅከኝ?»

አሰልጣኙ አራቱን ጠረጴዛ አየ። በመጨረሻ አባ ጉዮን በሩ ሥር፣ ከአራቱም ውጭ፣ ለብቻቸው አስቀመጣቸው። «ስትጨርሱ ቀስቅሱኝ» አሉ። ያን ቀን ከቤቱ ሰው ሁሉ እሳቸውን ቀናሁባቸው። በሁለት መቁጠሪያ ኖረው አንዱም አላሳፈራቸውም።

ከሰዓት መሠረት ተነስታ የእኛን ነገር ተናገረች። በአንድ ቀን መወለዳችንን፣ በአንድ ሰልፍ መመዝገባችንን። አሰልጣኙ እንደ ሕፃን ደስ አለው፤ ጠዋት ያፈረውን የሚክስ ነገር አገኘ። ፊት አውጥቶ አቆመን። «በሰባት ዓመታችሁ ምን ትጫወቱ ነበር?» ብሎ ጠየቀን።

«ገመድ ዝላይ» አለች መሠረት። «አንቺስ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

በወረቀቱ ሰባት ዓመቴ ከወደራ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። በእውነተኛው ሰባት ዓመቴ ፍየል እጠብቅ ነበር። የትኛው ሰባት እንደሆነ ልጠይቀው ትንሽ ቀረኝ።

«ገመዱን እይዝላት ነበር» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እውነት ነው፤ ለመዝለል ረዝሜ ነበር።

ፎቶ አነሳን። በሳምንቱ ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ መጣ፤ ከሥሩ «አንድ ቀን፣ አንድ ትውልድ» ይላል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ሚስማር ይዘው መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሰቀሉት። ቀና ባልኩ ቁጥር ከውሸቴ ጋር እተያያለሁ። ተማሪዎች መጽሐፍ ሲመልሱ «ቲቸር፣ እናንተ መንታ ናችሁ?» ይሉኛል። «መዝገቡ ላይ ፈርም» እላለሁ።

ይህንንም እችለው ነበር። ሰው ብዙ ነገር ይችላል። ያልቻልኩት ኅዳር መባቻ ላይ መሠረት ይዛው የመጣችውን ነው።

«አርባ ዓመታችን ነው እኮ» አለችኝ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ። «ዘንድሮ በድፎ ዳቦ አናልፈውም። ኬክ ይታዘዛል። አስተማሪው ሁሉ ተጠርቷል።»

«ተጠርቷል?»

«ጠራሁ። አክስትሽንም ጠርቻለሁ። አስቢው፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወይ ታናሼ ነው ወይ እናቴ። እኩያዬ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አክስቴ ሰማንያ እየተጠጋች ነው። በየኅዳሩ ስለዚያ አንድ ቃል ንስሐ እንደምትገባ አውቃለሁ፤ አሁን ደግሞ ኬክ ፊት ልትቀመጥለት ነው። ግን ያደከመኝ አክስቴ አይደለችም። «እኩያዬ» የሚለው ነው። ሰው ሁሉ የሚደገፍባት ልጅ የምትደገፈው እኔን ነው፤ የምትደገፍበት ቦታ ደግሞ የለም። ብነግራት አጣታለሁ። ባልነግራት ደግሞ ሠላሳ ሰው እያጨበጨበ ሻማ ፊት ልቆም ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ ስደረድር ከረምኩ፤ የተደረደረውን አውርጄ እንደገና።

በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ኬክ ቤቱ ይዛኝ ሄደች። ባለቤቱ ነስሩ ይባላል፤ ሁለታችንንም ያውቀናል። ደብተሩን ዘረጋ።

«ስም?»

መሠረት የሷንና የእኔን ስም ነገረችው። ጻፈ።

«ቁጥር?»

«አርባ።»

«አርባ አትበል» አልኩት።

መሠረት ሳቀች። «ዛሬ ደግሞ እድሜሽን መደበቅ አማረሽ? እኔስ መቼ ወደድኩት።»

«መሠረት፣ እኔ አርባ አይደለሁም።» መነጽሬን አወለቅኩ፤ ፊቷን ደብዘዝ አድርጌ ማየት ፈልጌ ነው መሰለኝ። «አርባ ሰባት ነኝ። የአክስቴ እውነት ከሆነ አርባ ስድስት።»

ነስሩ እርሳሱን ደብተሩ ላይ እንዳቆመ ቀረ። እኔም አንዴ ከጀመርኩ ጀመርኩ፤ የወደራውን ሰውዬ፣ የአክስቴን ጾም፣ ሰልፉን፣ እናቷ ስትናገር አክስቴ ሰምታ መቅዳቷን፣ አገጬ ሥር የደረሰውን እጄን። በሕይወቴ ሳላቋርጥ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ቀድሞ የተናገረው ነስሩ ነው።

«የሰባት ሻማ ግን አልቋል» አለ ቀስ ብሎ።

መሠረት ወጣች። ተከተልኳት። ፊት ለፊቴ በፍጥነት ሄደች፤ ጉልበቴ አልደረሰባትም። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ደጅ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

«ሁለተኛ ክፍል ሆነን» አለችኝ፣ ሳታየኝ፣ «ልጆቹ እማማ እያሉ ሲጮኹብሽ ድንጋይ የወረወርኩበት ቀን። አሥር አለንጋ ነው የተገረፍኩት።»

«አዎ።»

«ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«አዎ።»

«አንቺ አሥራ አምስት።»

«ወደ አሥራ አምስት።»

«ወደ» አለች። «እንግዲህ ይህንንም አስተካክዪልኝ። ቆመሽ ታለቅሺ ነበር። ተገርፌ የመጣሁት እኔ፣ አንቺን ያባበልኩት እኔ።»

እውነት ነው፤ እንዲያውም መሐረቧን ሰጥታኝ ነበር፤ አልመለስኩላትም።

«የልደቱ ቀን ይቅር» አለች። «ውሰጂው። ብዙ ሰው ነው በዚያ ቀን የተወለደው። አባቴ ከቀረ ጀምሮ እኛ ቤት ማንም ነገር አይወስንም፤ መሠረት ታላቅ ናት፣ መሠረት ትወስን። ወንድሞቼ እንኳ ልጅ ሲወልዱ ስም አውጪ ይሉኛል። ደክሞኛል። ለአንድ ሰው እንኳ ታናሽ ሆኜ አላውቅም። ለካ አጠገቤ ነበርሽ። ገመድ ይዘሽልኝ ነበር የቆምሽው።»

ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ዓይኗ ደርቋል፤ ከማልቀስ ይብስ ነበር።

«እንዴት ልንገርሽ እያልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እናቴ ከታመመች ወዲህ ጎጃም ውሰጂኝ፣ አፈሬ እዚያ ነው ትላለች። ወንዝ የምትሻገርበት አቅም የላትም፤ መንገዱንም ታውቂዋለሽ። ብወስዳት መንገድ ላይ ልትሞትብኝ ትችላለች። ባልወስዳት ዓይኗን እኔ ላይ እንደተከለች ትሞታለች። ወንድሞቼን ስጠይቃቸው አንቺ ታላቅ ነሽ አሉኝ። አንቺ ደግሞ ታላቄ ነኝ ካልሽኝ ንገሪኝ። ልውሰዳት፣ ላቆያት?»

አላውቅም ነበር። በመደርደሪያዎቼ ላይ ያለ የትኛውም መጽሐፍ አያውቀውም። አሰልጣኙ ስለ ኤክሶች ያነበበው ውስጥም አልነበረም። ግን ሰባቱን ዓመት እዚያው ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው፤ ከባድ ናቸው።

«ተቀመጪ» አልኳት። ታላቅ እንዲህ የሚል መሰለኝ። ተቀመጠች።